«እርግጠኛ ነዎት?»

መቱ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ በተከራየኋት ክፍል፣ ላዘዘኝ ሁሉ የኮምፒውተርና የስልክ ፕሮግራም እሠራለሁ። ደንበኞቼ ምክሬን አይሰሙም፤ ለምጄዋለሁ። የእድራችንን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አርጅተው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሊቀመንበሩ ለአባላት ሁሉ መርዶ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሥራልን አሉኝ። እኚህ ጋሼ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው። እኔም ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ጥሩንባ ነፊውን ሄጄ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«መጀመሪያ ለቅሶ ቤቱ እገባለሁ። ገልጬ ፊቱን አያለሁ። ከዚያ ነው የምነፋው» አሉኝ።

ስለዚህ መልእክቱ ከመሄዱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ነገር ጨመርኩበት። ጋሼ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሰው የሞተበትን፣ እውነትህን ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አውጣው።»

«ጋሼ፣ ጣት ይሳሳታል እኮ።»

«የኔ ጣት አይሳሳትም። ማሎ፣ በእናትህ አውጣልኝ።»

አወጣሁት። ተናድጄ ነበር፤ በሆዴ «ይቅመሷት» ማለቴንም አልክድም።

ሥራው ያለቀ ዕለት ክፍሌ መጡ። ለማሳያ ከራሴ የፈጠርኩትን ስም ልጽፍ ስል፣ ባለስሙ የሆነ ቦታ ይኖር ይሆናል፣ ምን በደለን ብለው ከለከሉኝ። «የኔን ጻፈው» አሉ። ጻፍኩት። ጽሑፉን ቀረብ አድርገው ሊያነቡ ታብሌቱን ሲያነሱ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ «ላክ» የሚለውን ነካው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ቀጥሎ የሳቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አደረጉና የራሳቸውን መርዶ እስከ መጨረሻው አነበቡ።

በባጃጅ ወደ ቤታቸው ከነፍን። የድንኳኑ ብረት ቀድሞን ደርሷል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ጋሼ በሩን አልፈው ሲገቡ ለቅሶው ቀጥ አለ። «ተመስገን» ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ኋላ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ብቻ ተነስተው እጃቸውን ያዙ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። እኔ አጥሩ ጥግ ቀረሁ።

ስህተት መሆኑን ለሁሉም ላክን። ያንን ጥያቄ ልመልሰው ብዬም ለመንኳቸው፤ «አንዴ የደረሰ ነገር ሁለተኛ አይደርስም» ብለው ዘጉኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሰላም የሚላቸው ሰው እጃቸውን ከወትሮው ረዘም አድርጎ ይጨብጥ ጀመር። በሕይወት መኖራቸውን በእጃቸው ሙቀት እንደሚያረጋግጥ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው መሄድ አበዙ።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ደወሉ። «ጋሼህ ዐረፉ» ብለው ዘጉት። አዲስ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ የድሮው መልእክት እዚያው ተቀምጧል። ቀኑን ብቻ ቀይሬ ነካሁት። ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ።

ስደርስ ግቢው ባዶ ነው። ድንኳን የለም፣ ሰው የለም። ልጃቸው ከሚኖርበት ከኡካ ገና በመንገድ ላይ ነበር። እትዬ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከውስጥ፣ ከአስከሬኑ ራስጌ፣ የጋሼ ስልክ ይጮኻል። ያቆማል፣ ደግሞ ይጮኻል።

«አንተ መልስላቸው፤ እኔ አልቻልኩም» አሉኝ።

ገብቼ አነሳሁት።

«ጋሼ! ፈያዳ? ደህና ነዎት? ያ ልጅ ዛሬም ገደለዎት አይደል?» አለ አንድ ጎረቤት፣ እየሳቀ።

ያ ልጅ እኔ መሆኔን ነገርኩት። ጋሼ እውነትም ሞተዋል አልኩት። ሳቁ ቆመ።

«እርግጠኛ ነህ? በዓይንህ አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። በስልክ ሰምቼ ነው የነካሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ አልጋው ዞርኩ፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ፊታቸውን አየሁ።

«አይቻለሁ» አልኩት። «ኑ።»