በመንገድ በኩል የተከፈተው በር

ጡረታ እንደወጣሁ ሠራተኛ ጠርቼ የሳሎኔን ግድግዳ በመንገድ በኩል አስፈረስኩና በር አስገጠምኩ። ሰው አስቀድሞ የሚሸጠውን ይመርጣል፤ እኔ ከበሩ ጀመርኩ።

ባሏ ሞቶባት ከአማኑኤል ከተማ የመጣችው ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የእሷን በርበሬና ሽሮ የቀመሰ የሌላ ሰው አያምረውም። “እትዬ፣ ምን ያብሰለስልሻል? ባልትና ቤት እንክፈት” ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛውን ያስተናገደችው እሷ ናት። ፊቷ ያንኑ ዘርግቼ እንዴት እቀመጣለሁ?

አልጠየቅኋትም። እሷም ግድግዳው ሲፈርስ እያየች ምንም አላለችም። ሰላምታችን ግን አጠረ። እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ባዶውን መደርደሪያ እወለውላለሁ፣ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

በመጨረሻ ባጠራቀምኩት ሁሉ የልብስ ስፌት ክር፣ ዚፕና የሸሚዝ ቁልፍ ገዛሁ።

“እንግዲህ ቁልፍ ቀቅለን እንበላለን” አለች እህቴ።

ሱቁ በተከፈተበት ቀን ቀድማ የገባችው ጎረቤቴ ናት። እግሯ እርጥብ ነው ስለሚባል ደስ አለኝ። አንድ ጥቁር ክር ገዛችና መደርደሪያውን አየችው።

“በርበሬውስ?”

“የምን በርበሬ?”

“የእህትሽ ነዋ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከፋሲካ በኋላ ደጀን ከሚኖረው ልጄ ጋ ልገባ ነው። ደንበኞቼን ለማን ልተው ስል ግድግዳሽ ፈረሰ። ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሳትጠይቂኝ ውሰጂልኝ ብልሽ፣ ያልሆነላትን ልታሸክመኝ ነው ትያለሽ ብዬ። ደግሞ አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ ማመልከቻ ላስገባ?”

እህቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በሳምንቱ አንዱን መደርደሪያ ባዶ አደረግሁ። እህቴም በርበሬ ገዝታ፣ አሰናድታ አስፈጨች። ጎረቤቴ ሳትሄድ ግን እንዳይሸጥ ከለከልሁ።

“ፈቅዳ የለም እንዴ?” ትላለች እህቴ።

ፈቅዳለች። ፋሲካም አለፈ። በርበሬው በጆንያ እንደታሰረ ጓዳ ተቀምጧል። የማዶው በር ዛሬም ጠዋት ተከፈተ፤ ጎረቤቴ ደጇን ጠርጋ እጇን አነሳችልኝ፣ እኔም አነሳሁላት። መቼ ነው የምትሄጂው ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?