ቀይዋ ክር

የወንዙን ውሃ የምትመረምረው ሴት ከጥጥ ሌላ ስለማትለብስ ባልደረቦቿ «ጥጥዬ» ይሏታል። ናይለን የለበሰ ሰው ወደ ማጣሪያዋ ከቀረበ፣ «ወንድሜ፣ ወዲያ በልልኝ! ልብስህ ክር ያረግፍብኛል» ትላለች። አንዲት ክር ከገባች የፕላስቲክ ቆጠራው ይበላሻል።

ዛሬ ግን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች ክው ብላ ቀረች። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የወንዙ የፕላስቲክ ስሌት የሚጠብቀው የእሷን ቁጥር ብቻ ነው።

«ስንት ሆነ?»

«ቀይ ክሮች አሉ።»

«ከወንዙ ዳር ካለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነዋ! ጻፊው።»

አልጻፈችም። የጋውኗን እጅጌ ሰበሰበች፤ ከስር የሚሰፋት፣ ክርኑ የተጣፈ ቀይ የናይለን ሹራብ ብቅ አለ።

«የእናቴ ነው» አለች። «ከቀበርናት ወዲህ ዛሬ ገና ደፍሬ ለበስኩት።»

የወር ድካሟ የሆነውን ናሙና ደፋችው። አንዷን ክር ግን በወረንጦ አንስታ ብልቃጥ ውስጥ ከታ ከደነችባት።