የኮርኒስ ቀቢው ወገብ

የሕንፃ ሥራው ጎረምሶች ከኋላው «ላስቲክ» ይሉታል፣ ፊት ለፊት ጋሼ። ስድሳን አልፎም ጠዋት ጠዋት ቱታውን ከለበሰ በኋላ ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ይልና መዳፉን ወለሉ ላይ ይለጥፋል። «እስቲ ከናንተ ወንድ የሆነ ይሞክራት!» ይላል። ጎረምሶቹ ጣታቸው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሲቀር ሳቅ ይሆናል።

«ጋሼ፣ አጥንትዎን ቤት ትተውት ነው እንዴ የሚመጡት?»

የሙያው ነገር ግን ጎንበስ ማለት አልነበረም። ኮርኒስ ቀቢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ወገቡን ወደኋላ ለጥጦ ሽቅብ ሲያይ የኖረ። እርጅና ተንኮለኛ ነው፤ ጎንበስ ማለትን ለጊዜው ይተውልንና ወደኋላ ለመጥ ማለትን ቀድሞ ይወስዳል። ሰውም የቀረለትን እያሳየ የሄደበትን ይደብቃል፤ ከሌላው ብቻ ሳይሆን ከራሱም።

ወደኋላ መለመጡ እንደሄደበት ያወቀችው አብራው የምትቀባው ልጁ ናት። መሰላል ላይ ቆሞ ሮለሩን በግምት ሲገፋ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ሲቀር ታያለች። ሰዉ ለምሳ ሲወጣ የዘለለውን እየተከታተለች ትሞላለታለች። የሴት ወገብ ከወንዱ ይልቅ ወደኋላ ይታዘዛል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ናት።

አንድ ቀን ፎርማኑ ከምሳ ቀድሞ ተመለሰ። ልጅቷ ላይ፣ አባትየው መሰላሉን ይዞ ታች።

«ጋሼ፣ ኮርኒሱ የእርስዎ አልነበረም?»

«የኔው ነው። ልታይልኝ ወጥታ ነው።»

«እስቲ እርስዎ ይውጡ።»

«ጎረምሶችህን ያቃታቸውን ላሳይህ?» ብሎ ሊያጎነብስ ሲል ፎርማኑ ክንዱን ያዘው።

«እሱን አውቃለሁ። የምጠይቅዎ ወደ ላይ ነው።»

ልጅቷ ወረደች፣ እሱ ወጣ። ቀና ለማለት ታገለ፤ ወገቡ እምቢ አለ። ወገቡ የነሳውን ከጉልበቱ ሊበደር እግሩን ሲያጥፍ መሰላሉ ተናጋ፤ ልጁ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችለት።

«ይበቃል አባዬ። ውረድ በቃ።»

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የሚጣሉት ሰው ይገኛል። «ከነገ ጀምሮ ኮርኒሱ የእሷ ይሁን፣» አለ፤ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን ጠርዝ እያሳየ፣ «ዞኮሎው የእርስዎ። ጎንበስ በማለትማ ማን ይችልዎታል!»

በማግስቱ ተንበርክኮ ዞኮሎ ሲቀባ ነጭ ጠብታ ማጅራቱ ላይ አረፈች።

«ውይ አባዬ! ነካሁህ እንዴ?»

ቀና ብሎ ሊያያት ፈልጎ ነበር።

«ሥራሽን ሥሪ፣» አላት፤ ቀብቶ የጨረሰውንም ጠርዝ እንደገና ይቀባው ጀመር።