የምሰሶው ዘፈን

ማሲንቆ መቺው አራጌ በመካነ ሰላም ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርግ ሲያደምቅ ኖሯል። ታዳሚው ጠጋ ብሎ በጆሮው የነገረውን ግጥም ወዲያው ተቀብሎ ያዜመዋል። የተባለው ነገር ምን እንደሆነ የሚገባው ግን ዘፍኖ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ወይዘሮ አልታየች ልጃቸውን ሲድሩ ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እስክስታው በደራበት ሰዓት እናቲቱ እየተሯሯጡ መጡና በጆሮው፣ «አራጌ፣ ምሰሶው ሊወድቅ ነው፤ ሰዉን አስወጣልኝ» አሉት።

«አብሽሩ እትዬ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን አስረዝሞ አዜመው።

«ምሰሶው ሊወድቅ ነው፣ ሰዉን አስወጣልኝ...»

ሰዉ ግጥሙን ወደደው። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ እያጨበጨቡ ተቀበሉት። ሦስተኛው ዙር ላይ ምሰሶው ዘመም አለና ሸራው ቀስ ብሎ መጥቶ ሁሉንም አለበሳቸው።

ማንም አልተጎዳም። ከሸራው ሥር ሳቁ ጋብ ሲል ወይዘሮ አልታየች በቁጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮ የለህም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ማሲንቆው እዚያው ሸራው ሥር ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮ የለህም እንዴ...»

ከሁሉም ቀድመው የተቀበሉት ወይዘሮ አልታየች ነበሩ።