ሁለት ግራ ክንድ

ለመጋዝ፣ ለመሮና ለመላጊያ፣ ኮላ ለደረቀባቸው ቆርቆሮዎች፣ አንገታቸው ለተጣመመ ምስማሮች ሁሉ! የተከበረው፣ የተፈራው፣ ከእርሳስ ጫፍ የቀጠነ ዓይን የተሰጠው ዋና አናጢያችን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ስህተት ሳትነካው መኖሩን ስናበስር ደስታችን ወደር የለውም። ስህተት የምትባለው ፍጡር በዚህ ግቢ ብትታይ፣ ከሌላ ሰው ጋር የገባች መሆኗ ከወዲሁ ይታወቅ።

አዋጁን ያወጣው ራሱ ነው። ሲያወጣው የሚሰማውም በአብዛኛው ራሱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ሊያሾፉበት ሚሊሜትር የሚል ስም አወጡለት፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ሰካው። አጠር ብሎ ትከሻው የሰፋ፣ ቁራጭ እርሳስ ከጆሮው የማትወርድ፣ ቤቱ ገብቶ እራት ሲቀርብ እንኳ አጎንብሶ የጠረጴዛውን ውሃ ልክ የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ቢመራት፣ "ሾርባው አልፈሰሰም እኮ፣ ብላ!" ብላዋለች።

ያ የቀድሞው ዘመን ነው። አሁን እንዲህም አትለውም። ምክንያቱን እንደርስበታለን።

በአንድ ሐሙስ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ሚሊሜትር ከአንድ አግዳሚ ወንበር ፊት ቆሞ ነበር። ወንበሩን ያዘዘችው አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት፤ በሳሎኗ መግቢያ፣ በሩ እንደተከፈተ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ልታኖረው። ስታዝም "እንዲታይ ነው እንጂ እንዲቀመጡበት አይደለም" ብላ ነበር። ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ልቡ በደስታ ሞቀ። ሰው ከሩቅ የሚያደንቀው እንጂ የማይጠጋው ዕቃ! ከራሱ ጋር የተዛመደ ያህል ተሰማው።

መደገፊያው ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጿል። እግሮቹ ተልገውና ለስልሰው አልቀዋል። የወንበሩ ዋና ጌጥ ግን ሁለቱ ክንዶች ናቸው፤ ከወይራ እንጨት የተሠሩ፣ በውጭ ጎናቸው አንዳንድ ወፍ የተቀረጸባቸው። ሁለቱም ወፎች በር ከፍቶ የሚገባውን እንግዳ ፊት ለፊት እንዲያዩ ነው የታሰበው። ወይራው ከአንድ ግንድ የወጣ አንድ ጣውላ ነበር፤ ሌላ የለም። ሌላ ቢገኝም እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል። ሐኪሟ ደግሞ የምትመጣው በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አናጢ ኮላ ከመቀባቱ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጥሞ ያያል። የግራው ክንድ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። ሚሊሜትር ፈገግ አለ። የቀኙን አነሣ። ገጠመው። ወፏ የለችም።

ወፏማ አለች፤ በውስጥ በኩል፣ ትራሱ በሚሸፍናት ጎን ናት። ሚሊሜትር ክንዱን ነቅሎ አዞረው። አሁን ወፏ ወደ ውጭ ወጣች፤ ግን ጭራዋን ለእንግዳ ሰጥታ ግድግዳውን ታያለች፤ ከመደገፊያው ጋር የሚያያዘው ምላስም በተቃራኒው ጫፍ ቀርቷል። እንደገና አዞረው። እንደገና ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዞረው ገባው። ቀኝና ግራ አልነበረም የሠራው፤ ሁለት ግራ ነው። አንድ ሰው ሁለት ግራ ጫማ ገዝቶ ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ የሚሆነውን ሆነ።

እንዴት ሆነ? ነገሩ ቀላል ነው። ክንዱ በካርቶን ፎርማ ይነደፋል። ፎርማው አንድ ነው፤ ለግራው እንጨት አንዴ ይነደፍበታል፣ ለቀኙ ይገለበጥና ሁለተኛ ይነደፍበታል። ካርቶኑን የሚገለብጠው፣ ከገለበጠም በኋላ በእንጨቱ ሆድ ላይ በእርሳስ "ግራ"፣ "ቀኝ" ብሎ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው የነካውን ሁሉ ይጽፍበታል፦ "ፊት"፣ "ጀርባ"፣ "ይህን አትንኩ"። ስለዚህም ጸሐፊው ይሉታል። ሚሊሜትር ሲያሾፍበት ኖሯል። "አንተ ሰው፣ የምንሠራው ወንበር ነው ወይስ ደብዳቤ? ማኅተምም አምጣ እንጂ!" እያለ። ሃያ ስድስቱ ዓመት ያለ ስህተት ካለፉባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ምናልባትም ዋናው፣ ያቺ የእርሳስ ጽሕፈት መሆኗን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

ጸሐፊው የሚስቱ ወንድም ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የመደርደሪያ ቀዳዳ በአንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ቢበሳ፣ ሚሊሜትር በሰው ፊት አቁሞ፣ "የሚያጠፋ እጅ ከእኔ አጠገብ አይሠራም!" ብሎ አባረረው። የአርባ ዓመት ሰው፣ የልጆች አባት፣ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ በበሩ ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ ሚስቱ እራት አቀረበች፣ ተቀመጠች፣ "ወንድሜን የመለስክ ቀን እናወራለን" አለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው። ሚሊሜትር ጨው ሲፈልግ ራሱ ይነሣል። ልመልሰው ብሎ በሆዱ ያሰበበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለመመለስ ግን "አበዛሁት" ማለት አለ። ያንን ቃል አፉ አያውቀውም።

"ሚሊ!" አለው ቀቢው ከጥግ፣ ብሩሹን ቫርኒሽ ውስጥ እየነከረ። "ምን ሆነሃል? ፊትህ እኮ ቀለም እንዳልነካው እንጨት ነጣ።"

"ሥራህን ሥራ።"

"እየሠራሁ ነው። አንተ ነህ እንጨቱን እንደ ታቀፉት ሕፃን የምታገላብጠው።"

ሚሊሜትር ጆንያ ስቦ ወንበሩ ላይ ጣለበት። ሰው የሞተ እንጂ ወንበር የተሠራ አይመስልም ነበር። ጊዜው ይሄዳል። የቀኙን ሌላ ልቅረጽ? በምን እንጨት? ወፏን ፍቄ በሌላው ጎን ልቅረጽ? እንጨቱ ይሳሳል፣ ምላሱም ያው በተሳሳተው ጫፍ ነው። ሁለት ጊዜ ለካ። ልክ የሆነ ነገር ቢለኩት ቢለኩት ልክ ነው፤ የተሳሳተም እንዲሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የወርክሾፑ ባለቤት መጣች። ባሏ ሲሞት ወርክሾፑን የወረሰች፣ መነጽሯ ወፍራም፣ መሮና መጋዝ በቅጡ የማትለይ፣ ግን የሰው ፊት የምታነብ ሴት ናት። ጆንያውን አነሣች። ወንበሩን አየች። ግድግዳውን ወደምታየው ወፍ ጎንበስ አለች።

"ይህችን ወፍ ምን አስቀየምናት?"

 ሚሊሜትር እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ትንፋሹን ለሌላ ነገር አዋለው።

"ፎርማው ነው እትዬ።"

"ምን ሆነ ፎርማው?"

"ካርቶኑን የቆረጠው ያ ነው እኮ። ሄዶም አልለቀቀን።"

ውሸቱ ጥሩ ውሸት ነበር፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ካርቶኑን በርግጥ ከመባረሩ በፊት የቆረጠው ጸሐፊው ነው። ካርቶኑም ምንም ጥፋት የለበትም። ሚሊሜትር ትከሻው ቀለል አለው፤ ቅለቱ ግን ሴትዮዋ መነጽሯን ወልውላ እስክትጨርስ ብቻ ቆየ።

"ይገርማል" አለች። "ትናንት ደውዬለት ነበር።"

"ለማን?"

"ለአማችህ ነዋ! የበርና የመስኮቱ ሥራ ሲከመር ሰው ከየት አመጣለሁ? ዛሬ ስምንት ተኩል ና፣ ቅዳሜ ሥራ ትጀምራለህ ብዬዋለሁ። 'እትዬ፣ ለእህቴ እኔው በድንገት ልንገራት' ብሎ እንደ ልጅ ደስ አለው።" ጆንያውን መልሳ አለበሰችው። "በል ይምጣ። ለሐኪሟ ራሱ ያስረዳትና በመጣበት ይመለሳል። እኔ ሁለት ጊዜ አልዋረድም።"

ሄደች። ሚሊሜትር እዚያው ቀረ። በሁለት ሳምንት ዝምታ ሊጠይቀው ያልደፈረው ነገር፣ እሱ አፉን ሳይከፍት፣ ሌላ ሰው ሠርቶለት አልቆ ነበር። እሱ ደግሞ አፉን ከፈተና አፈረሰው። ወንድምዬው በድንገት ሊነግራት የነበረውን ደስታ ትቶ፣ ባሏ ያደረገውን ይነግራታል። ያኔ ሬዲዮውም ዝም ሳይል አይቀርም።

ምሳውን አልበላም። ተነሥቶ እስከ ቢሮው በር ሄደ፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ የበሩን እጀታ ነካ፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ።

"እትዬ።"

"አቤት?"

"እ... ምስማር አልቋል።"

"ትናንት አይደል እንዴ የገዛነው?"

"እ... አዎ። አለ ለካ።"

ወጣ። ቀቢው አጠገቡ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሚሊ፣ ሆድህን ከሆነ ያመመህ እዚያ ማዶ መድኃኒት ቤት አለ" አለው። 

ስምንት ተኩል ሲሆን ጸሐፊው ገባ። ሸሚዙ በካውያ ተተኩሷል፣ ከረጢቱ በትከሻው ነው።

"ጋሼ! እንደምን ዋልክ?" አለ። ቂም የሌለበት ሰላምታ ነበር፤ ለሚሊሜትር ከጥፊ የባሰ።

"ደህና" አለ ወደ ወለሉ።

የወርክሾፑ ባለቤት ከቢሮዋ ወጣች፤ ሰላምታም አልሰጠችው። ጆንያውን ገፈፈችና፣ "እስቲ ሥራህን እይ። ፎርማውን አንተ ነህ አሉ የቆረጥከው" አለች።

ጸሐፊው የወንበሩን ክንዶች አየ። ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ። ቁጢጥ ብሎ አንዱን ክንድ ነቀለና ሆዱን ገልብጦ አየ። ሌላውንም ነቅሎ አየ። የእርሳስ ጭረት እንኳ የለም። አውራ ጣቱን ባዶው እንጨት ላይ፣ "ቀኝ" የሚለው መጻፍ በነበረበት ቦታ ላይ፣ ቀስ አድርጎ አሻሸ። ከዚያ ቀና ብሎ ሚሊሜትርን አየው። አልተቆጣም። አንድ ነገር እያሰላ ይመስል ነበር። ሚሊሜትር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ሲያጣ ማዕዘን የሚለካበትን ስኳድራ ጫፍ አየ።

ውጭ መኪና ቆመ። ሐኪሟ ከቀጠሮዋ ቀድማ ደረሰች።

ቀጭን፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው፣ ሲያወሯት የሰውን ዓይን ሳይሆን አፍ የምታይ ሴት ናት። ሰላምታ ሰጠች፣ ከቦርሳዋ ትንሽ መብራት አወጣች፣ ጎንበስ ብላ የወይኑን ሐረግ ከዳር እስከ ዳር አበራችበት። "ቆንጆ" አለች። ጸሐፊው መልሶ የገጠመው የግራው ክንድ ላይ ደረሰች። "ቆንጆ።" እሱ በእጁ ወደያዘው ወደ ቀኙ ዞረች። መብራቷ ቆመ። ወደ ግራው ተመለሰ። እንደገና ወደ ቀኙ።

"ሁለቱም የአንድ ወገን ናቸው" አለች። "ሃያ ዓመት የሰው አፍ ሳይ ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም። የማን ሥራ ነው?"

"የሱ ነው" አለች ባለቤቷ፣ በአገጯ ወደ ጸሐፊው እያሳየች።

የመላጊያው ማሽን ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ነገር ይሰማል። 

"አዎ" አለ። "የኔ ጥፋት ነው። ይቅርታ ዶክተር።"

ሚሊሜትር ያንጊዜ ገባው። ሰውዬው ሲያሰላ የነበረው እህቱን ነው። ባሏ በሰው ፊት ቢወድቅ፣ ከሥራው ቢነሣ፣ ቤቷ ምን እንደሚሆን ለክቶ፣ በራሱ ላይ ቆረጠው። የቅዳሜው ሥራ፣ በድንገት ሊነገር የነበረው ደስታ፣ ሁሉም አብሮ ተቆረጠ። ሚሊሜትርም መደሰት ነበረበት። ውሸቱ ያለ አንዲት ፍንጭ፣ ያለ ኮላ ገጥሞለታል። እንዲህ ያማረ ግጥም በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ ዝም ማለት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲለማመደው የቆየ ነገር ነው።

የጸሐፊው አውራ ጣት ግን አሁንም በያዘው ክንድ ሆድ ላይ ነበር፣ በባዶው ቦታ።

"ካርቶን ግራና ቀኝ የለውም" አለ ሚሊሜትር።

ለወለሉ ነው የነገረው። ባለቤቷ፣ "ምን አልክ?" አለች።

"ካርቶን። ግራና ቀኝ የለውም። የሚገለብጠው ሰው ነው።" ድምፁ እንደ ደነዘዘ መጋዝ እየተጎተተ ወጣ። "ወይራው ላይ የተነደፈው ሰኞ ነው። የዚህ ሳምንት ሰኞ። እሱ ከሄደ... ዛሬ አሥራ አራት ቀኑ ነው።"

"ጋሼ፣ ተወው" አለ ጸሐፊው በቀስታ።

"አሥራ አራት ቀን ነው" አለ ሚሊሜትር። ቁጥር ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ጠና፤ ቁጥር ዋሽቶ አያውቅም።

ባለቤቷ በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሌላኛው እጇ ላይ ሁለቱን ሳምንታት ቆጠረች። መነጽሯን አወለቀች።

"ታዲያ ሰኞ ለት ማነው የነደፈው?"

ለጥያቄው መልስ የሚሆን ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። የጠየቀችውም ታውቃለች። ግን ሁሉም ይጠብቃል። ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል፤ ቫርኒሹ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ሐኪሟ እንደ ልማዷ የሚሊሜትርን አፍ ታያለች። ጸሐፊው ክንዱን አቅፎ አንገቱን ደፍቷል። ሚሊሜትር ከንፈሩን አላቀቀ። "እ..." አለ። የቀረችው አንዲት ፊደል ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተነሣች ፊደል ግን እንደ ዛገ ብሎን ናት፣ በዋዛ አትዞርም። "እ..." አለ ደግሞ።

አንባቢ ሆይ፣ በሰው ፊት አፍህን ሞልተህ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ብለህ የምታውቅ ከሆነ፣ እባክህ ፈጠን በል፣ ከጎኑ ቁምና ከንፈር እንዴት እንደሚከፈት አሳየው። ብለህ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ በዚህ ምስኪን አትሳቅ፤ ይልቅ ማንም የማይሰማህ ክፍል ግባ፣ በሩን ዝጋ፣ ያቺን ሁለት ፊደል አንዴ ብቻ ሞክራትና እስቲ ንገረኝ፣ የቱ ላይ ነው የያዘችህ...