ግድግዳውን ፍራሽ ያለበስን ሰሞን

ወሬው የደረሰኝ ለጾም ወጥ ምስር ስለቅም ነው። አከራዬ እትዬ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ደጃፌ ላይ ቆሙና፣ «ልጅቷ እሁድ ትሄዳለች አሉ!» አሉኝ።

ልጅቷ የሠፈራችን ልጅ ናት፤ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራ ነበርና ለጥቂት ጊዜ ቦንጋ መጥታለች። የእትዬ ልጅም እዚያው ነች። በዚህችው መንገደኛ በኩል፣ «ደብዳቤ አልፈልግም፤ የእናቴን ድምፅ በካሴት አምጪልኝ፤ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው» ብላ ልካለች።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። የእናት ድምፅ ሲርቅ ምን እንደሚመስል ሌላ ሰው እንዲያስረዳኝ አያሻኝም። ምስሩን ትቼ የምትቀዳውን ቴፔን አወጣሁ፤ እትዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። ክፍሌ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ግድግዳ፣ አንድ አልጋ ብቻ ናት። ስናዳምጠው ድምፃቸው እየተመላለሰ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«በይ አጥፊው! ልጄ ‹እናቴ ከመቃብር ጠራችኝ› ብላ በሰው አገር ትበድብኝ?»

ሣቅሁ እንጂ ነገሩን አልተውሁትም። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ የመቅረጫ ክፍል አይቻለሁ፤ ግድግዳው ሁሉ ለስላሳ ነገር ለብሶ፣ የተናገሩት ድምፅ ሳያስተጋባ እዚያው ይቀራል። ይህን ለእትዬ ወንድም ነገርኋቸው። ጋሼ፣ ማንኪራ በሚባለው ጫካ ንብ ያረባሉ፤ በማግሥቱ ቀርከሃና የእንሰት ቃጫ ተሸክመው መጡ። እሳቸው ቀርከሃውን ሰንጥቀው እንደ መስኮት አራት ማዕዘን አድርገው አሰሩ፤ እኔ ቃጫውን አፍታትቼ ሞላሁበትና አቡጀዲ አልብሼ ሰፋሁት። አንዱ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ቀላል ነበር።

እትዬ ብቅ አሉ። «ግድግዳው ታመመ እንዴ፣ ፍራሽ የምታነጥፉለት?»

የመጀመሪያው ሚስማር የጭቃውን ልስን ይዞ ወረደ። ስለዚህ ከላይኛው ማገር ላይ በቃጫ ገመድ ለማንጠልጠል ተስማማን። «ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ይበልልኝ፤ ከኋላው ባዶ ቦታ ሲኖር ድምፁን ይበልጥ ይይዛል» አልኋቸው። ጋሼ ከመስቀላቸው በፊት ቀርከሃውን በአሮጌ ሰም አሹት፤ ከዚያም ከጫካ ያመጡትን ቅጠል አጭሰው አጠኑት። ለነቀዝ መሰለኝ። ቤቱ ጧፍ ጧፍ ሸተተኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ቡናው አብቦ መንደሩን አውዶታል። ጎረቤቶች ደጃፉን ሞሉት። በስመ አብ ብዬ ቴፗን ከፈትሁ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቢሮ እንደገባ ሰው በጨዋ አማርኛ፣ «ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን» ማለት ጀመሩ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። እፎይ አልሁ።

እፎይታዬ ሳያልቅ በመስኮቱ አንድ ንብ ገባ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ቁጥር የለውም፤ እንደ ጎርፍ እየጮኹ ከአቡጀዲው ኋላ፣ እኔው «ፈቀቅ ይበል» ባልሁበት ቦታ ገቡ። ጋሼ እንደ ሠርገኛ አጨበጨቡ።

«አንተ! ምን አድርገህበት ነው?» አሉ እትዬ።

«ምንም! እንደ ቀፎ ትንሽ ሰም፣ ትንሽ ጢስ… እጄ ለምዶ ነው እኮ!»

«ለቤቴ ንብ ልትጠራ? የአስተማሪዋን አልጋ ቀፎ ልታደርገው? ውጣ! ንቦችህን ይዘህ ውጣልኝ!» ቀጥሎ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ያወረዱበትን እኔ አልሰማሁትም፤ ደጅ ያሉት ግን በሣቅ ወደቁ። ቴፗ ይህን ሁሉ ትቀዳለች።

ንቦቹን ጋሼ በእርጋታ ወደ ቀፎ አዛውረው እስኪጨርሱ ሰማዩ ጠቆረ። እንደገና ልቅዳ ስል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ እትዬ ቢጮኹም የማይሰማ ሆነ። መንገደኛዋም መጣች፤ መኪናዋ ሊነጋጋ ሲል ይነሣል። እኔ የተበላሸ ነገር መላክ አልወድምና ላለቅስ ቃጣኝ። እትዬ ግን ካሴቱን ከእጄ ወስደው ሰጧት። «ይሂድ፤ እግዜር ያውቃል።»

ከወራት በኋላ መልሱ በሰው መጣ። የእትዬ ልጅ የሰላምታውን ክፍል ዘልላ ንቦቹ የገቡበትን ብቻ ታዳምጣለች። «ሰላም ስትለኝ አላወቅኋትም፤ ስትቆጣ ነው እናቴ የመጣችልኝ» ብላለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሣቁም አለቀሱም፤ «ይኸው፣ ቁጣዬ ባሕር ተሻገረ» አሉ።

እትዬ ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጃቸው ተመልሳለች፤ ካሴቱ ግን ከአሠሪዋ ቤት ቀርቶባታል። መንገደኛዋ በመሄጃዋ ዋዜማ፣ ያኑ ቅዳሜ ማታ፣ በመንገድ ይጠፋል ብላ ካሴት ቤት ቅጂ አስገልብጣ ለአንዳችሁ ሰጥታ ነበር ይባላል። ያን ቀን ደጃፌ ላይ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ሣጥናችሁን ፈትሹ። ምን ምልክት አለው እንዳትሉኝ፤ መጀመሪያ ሰላምታ አለው፣ ቀጥሎ ንብ ይጮኻል፣ ከዚያ እናት ትቆጣለች።