ከሐኪሙ በር ሥር

ሽማግሌው በሆስፒታሉ ኮሪደር ተራ ሲጠብቁ የሚያዩት ሰውን ሳይሆን ወለሉን ነው። ኮታቸው አሮጌ ቢሆንም በደንብ ተተኩሷል፤ የሱሪያቸው የግራ ጉልበት ግን እጃቸው ሲያሻሸው እየዋለ ሳስቷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ስማቸውን አታውቅም። የምታውቀው በየቀጠሮአቸው መወልወያዋን አስቁመው፣ አንዷን ሴራሚክ በምርኩዛቸው ኳ ኳ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይቺ ከሥሯ ለቃለች። ላይ ላዩን ብትወለውያት ዋጋ የለውም፤ ንገሪያቸው" እንደሚሏት ነው። ይህን ኮሪደር በጉልምስናቸው ጊዜ ተንበርክከው ያነጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ጆሮአቸው ሙያውን አልረሳም።

ዛሬ የራጅ ፖስታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከሐኪሙ ክፍል ወጡ።

"ምን አሉዎት አባባ?"

"በቀጭን መሣሪያ ገብቼ የጉልበትዎን ልም አጥንት ካስተካከልኩት እንደ ጎረምሳ ይሮጣሉ ብሎ የቀደደኝ ሰውዬ፣ ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ሳነክስ ከርሜ ዛሬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘በእርስዎ ዕድሜ ቀዶ ጥገናው ጉልበት ከሚያጠነክር ስፖርት የተለየ ብዙም ጥቅም የለውም።’ ታዲያ ቢላዋ ከማንሣትህ በፊት ይህን አታውቀውም ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ራጄን ፖስታው ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ።"

ምርኩዛቸውን አነሡና ከሐኪሙ በር ሥር ያለችውን ሴራሚክ መቱ። የባዶ ነገር ድምፅ አሰማች። ሠራተኛዋም ሰማችው፤ እንደ ወትሮው "ንገሪያቸው" እስኪሏት መወልወያዋን ተደግፋ ጠበቀች።

"ይቺን እንኳ አትንገሪያቸው" አሉ። "እነሱስ መቼ ነገሩኝ?"